ከሐጂው ሣር የወጣው ውሃ

ሰው በአካፋ መትቻለሁ። ለማስፈራራት አልነበረም፤ ደግሜ በሁለት እጄ ከፍ ያደረግኩት እንዲሞት ፈልጌ ነው። ሰውየው አልሞተም። የጠባችን መነሻ ሣር ነው ስል የሚስቁ አሉ። በመሬት ወይም በሴት ቢሆን ይገባቸው ነበር። እኛ ግን የተጣላነው ስምንት እርምጃ በአሥራ ሁለት በሆነች ሣርና ከሥሯ በወጣ ውሃ ነው።

ሀርጌሳ ስገባ ከተማው ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየተነሣ ነበር። አንዱ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ሲያብረቀርቅ፣ ጎኑ ያለው ጣሪያውን አጥቶ ወለሉ ላይ ቁልቋል በቅሎበታል። ከውጭ የሚመለሰው ሁሉ ያፈርሳል፣ ይሠራል። ለቀን ሠራተኛ ሥራ አይጠፋም። እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ። ከመሰደዴ በፊት አዲስ አበባ አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ስድስት ዓመት ሣር አጭጃለሁ፣ አጠጥቻለሁ፣ ኳስ የሚገባበትን ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። ይህ ሙያ እዚህ ምን ያደርግልኛል ብዬ ረስቼው፣ ብሎኬት እየተሸከምኩ አያሃ በሚባል ሰፈር በላስቲክና በቆርቆሮ በተሠራ ቤት ከአንድ የጅማ ሰው ጋር እኖር ነበር። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ።

ሁለታችን 31 ሜይ ሰፈር አንድ ቤት ስንጠግን ነው ነገሩ የተጀመረው። የቤቱ ባለቤት ሐጂ ነበሩ፤ ድሬዳዋ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን እንግሊዝ አገር ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ፣ ልባቸውን ታመው የተመለሱ ሽማግሌ። አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው፤ ቀልድና ቁጣ አይለየውም። አንድ ቀን ለወንድም ጋሼ ስለ ድሮ ሥራዬ ሳወራ ሰሙኝና ባሬላውን አስቀመጡን።

«አንተ፣ ምን አልክ? ጎልፍ ነው ያልከው?»

«አዎ ሐጂ። የሣር ሠራተኛ ነበርኩ።»

«ግሪን መሥራት ታውቃለህ? ኳሷ የምትገባበትን፣ እንደ ምንጣፍ የሆነውን?»

«አውቃለሁ። ግን እዚህ መሬቱ ሸክላ ነው።»

«ሸክላም ይሁን ድንጋይ፣ ሥራልኝ። ሐኪሙ ሩጫ ከልክሎኛል፣ ቁጣ ከልክሎኛል። ኳስ ስገፋ ብቻ ነው ይሄ ልቤ የሚያርፈው።»

በማግስቱ ጓሮው ውስጥ አንድ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት። ጠዋት የሞላሁት ውሃ ከሰዓት በኋላ የአሱር አዛን ሲሰማ እንዳለ ነው፤ ዝንብ ተንሳፍፎበታል። አገሬ መረሬ የምንለው ዓይነት መሬት ነው፤ ውሃ አይጠጣም። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሣር ቢተከል በመጀመሪያው ዝናብ ሥሩ ይበሰብሳል። መፍትሔው አንድ ነው፤ እስከ ጉልበት ድረስ ቆፍሮ ሸክላውን ማውጣት፣ ወለሉን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ እንደ ዓሣ አጥንት ቦይ ቀዶ የተበሳ ቱቦ መቅበር፣ በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አሸዋ መሙላት። ውሃው በአሸዋው ወርዶ በቱቦው ይወጣል።

የበጋው መጨረሻ ነበርና መሬቱ እንደ ጡብ ደርቋል። ዶማው ሲያርፍበት ይነጥርና ክንዳችንን እስከ ትከሻ ያነዝረዋል። በዲጂኖ እንሰነጥቀዋለን፣ በዶማ እንገለብጠዋለን። ከሸክላው ጋር ቀለሃ ይወጣል፤ ሁለታችንም ትኩር ብለን አናየውም ነበር፣ ከአፈሩ ጋር በባሬላ እንደፋዋለን። መዳፋችን ተልጦ የዶማው እጀታ በደም ይንሸራተት ጀመር። ድካሙ ሰው ከሰው ያናክሳል። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ የቦይ ጠርዝ ናደብኝ ብዬ ሰደብኩት፤ ከቦዩ ወጥቶ በጥፊ መታኝ፣ እኔም አንገቱን ያዝኩት፣ ሁለታችንም ጉድጓዱ ውስጥ ወደቅን። ከዚያ ከንፈሩን እየጠረገ «ሠዓት ሄደ፣ ቆፍር» አለኝ። ቆፈርን።

ቱቦው ሲቀበር አንድ ጥያቄ ቀረ።

«ሐጂ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ የት ይውጣ?» አልኳቸው።

«በአጥሩ ሥር ብሱና ወደ መተላለፊያው ልቀቁት።»

«መተላለፊያው ጠባብ ነው። ጓሮው ጥግ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን በድንጋይ ብንሞላው፣ እዚያው ይሰምጣል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሸክላውን በስቶ ማለፍ ስላለበት ሦስት ሳምንት።»

«ዝናቡ በር ላይ ነው። ሣሩ ከዝናብ በፊት ይተከል ያልከኝ አንተ ነህ። መንገድ የሁሉም ነው፣ ውሃም በመንገድ ይሄዳል። ብሱ!»

በሳን። ከዚያ በኋላ የሆነው የእኔ ነው። ሐጂ ዙሁር ሊሰግዱ በሄዱበት፣ የመሬት ከፍታና ዝቅታ የምንለካበትን፣ ውስጡ የሚታይ ጎማ ውሃ ሞልቼ መተላለፊያውን ለካሁት። ከቱቦው አፍ ጀምሮ ይወርድና ይወርድና፣ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ከፊት ለፊት ያለው ጎረቤት አጥር ሥር ነው። አንድ ስንዝር ይወርዳል። አጥሩ ከፈረሰው የድሮ ቤት ድንጋይ የተካበ ነው፤ ማያያዣው ሲሚንቶ ሳይሆን ጭቃ ነው። ጭቃ በውሃ ምን እንደሚሆን ማንም ሰው ያውቃል። ጎማውን ጠቀለልኩና ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ሸክላ እንደገና መቆፈር አልፈለግኩም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጎረቤቱ አርባዎቹን ያለፈ ሰው ነው። በጦርነቱ ተዋጊ ነበር፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ከስደት ካምፕ ተመልሶ ያን አጥር በገዛ እጁ፣ ድንጋይ በድንጋይ እንደካበው ሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። ሚስቱ ፍየሎቿን የምታስረው ከአጥሩ ውስጠኛ ጎን፣ ጥላው ውስጥ ነው። እኛ ስንሠራ ሰላምታ እንኳ አይሰጠንም፤ ሲያልፍ ግን ቆም ብሎ ያያል።

ከደረቁ ወንዝ ዳር ሰርዶ ነቅለን አመጣን። በአሸዋው ላይ ዘርዝረን ተከልነው፣ በሲሚንቶ በሞላነው በርሜል አንከባለልንበት። በአህያ ጋሪ በሚመጣ ውሃ ጠዋትና ማታ አጠጣነው። ሰርዶ ብርቱ ሣር ነው፤ ያዘ፣ ተሳበ፣ ተጋጠመ። በመቀስ ከረከምኩት። መሀሉ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ቀበርኩና ሐጂ የጎልፍ ዱላቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲገፉ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ኳሷ ቆርቆሮው ውስጥ ገብታ ስትንቃቃ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ቁጭ አሉ።

የሚያዝያው ዝናብ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ፊታችን ላይ በተነው፣ ከዚያ ውሃው እንደ ድንጋይ ወረደ። ሐጂ በረንዳ ላይ ቆመው እንደ ሕፃን ያጨበጭባሉ። ጓሮው በሙሉ ሐይቅ ሲሆን፣ ግሪኑ ላይ ግን አንዲት ኩሬ የለችም። ያረፈበት ውሃ ሁሉ ይሰምጣል።

«አየህ! አየህ ይጠጣል!» ይሉኛል።

እኔ የማስበው ቱቦውን ነው። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ወንድም ጋሼ ተከተለኝ። ቱቦው ቡናማ ውሃ እያገሳ ይተፋል። ከሰማይ የሚወርደውም፣ ከሐጂ ጣሪያ የሚወርደውም፣ ከሣሩ ሥር የሚወጣውም ተደባልቆ በመተላለፊያው እየጋለበ የጎረቤቱ አጥር ሥር ተኝቷል። አጥሩ ከሥሩ ጠቁሯል። መሀሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

አጥሩ ወደ ውስጥ ወደቀ። የድንጋዩ ድምፅ፣ የፍየሎቹ ጩኸት፣ ከዚያ የሴት ጩኸት። በፍርስራሹ ላይ ዘለን ገባን። ሚስትየዋ ፍየሎቹን ልትፈታ ገብታ ኖሮ ግራ እግሯ ከድንጋይ በታች ነው። ባሏ በባዶ እጁ ድንጋይ እየወረወረ ያነሣል። ሦስታችን ትልቁን ድንጋይ ገለበጥነው። ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ እግር መሆን ወደማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። አሸዋ ስናመላልስበት በነበረው ባሬላ አንስተናት ከጣሪያ ሥር አስገባናት፤ የሰፈር ሴቶች ከበቧት፣ አንዱ መኪና ሊጠራ ሮጠ።

ባሏ ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ። አራቱ ሞተዋል። ሁለቱ ወገባቸው ተሰብሮ ይንፈራገጣሉ። ቢላዋ አወጣና እዚያው ዝናቡ ውስጥ ተንበርክኮ «ቢስሚላህ» እያለ አረዳቸው። ደሙ ከውሃው ጋር ሄደ። ሲነሣ ዓይኑ ውሃውን ተከትሎ ወደ ላይ ሄደ፣ መተላለፊያውን ተሻገረ፣ በሐጂ አጥር ሥር ባለው ቱቦ ላይ ቆመ። ከዚያ እኔን አየኝ። ቢላዋውን ጣለ። መጣሉን አይቻለሁ፤ ይህን ለእሱ ስል መናገር አለብኝ። ጣለውና፣ እኛ ደጃፍ ላይ የተውነውን ዶማ አንስቶ በሐጂ በር ገባ።

ስንደርስ ግሪኑ ላይ ቆሞ ሣሩን ይዘነጥለዋል። ዶማው በገባ ቁጥር ሣርና አሸዋ ይበተናል፣ ጠጠሩ ይወጣል፣ ቱቦው ሲሰበር ይጮኻል። ሐጂ «ተው! በአላህ ተው!» እያሉ እጁን ሊይዙ ሄዱ። በክርኑ ደረታቸውን መታቸው። ያ የታመመ ደረት ነው። ወደ ኋላ ወደቁ፣ አልተነሡም።

ከኋላው ዘልዬ ያዝኩት። ዞር ሲል የዶማው እጀታ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ የሚሰማኝ በአንድ በኩል ብቻ ነበር። ወድቄ ስነሣ እጄ አካፋ ነክቷል። አሰብኩ አልልም። አነሣሁና ፊቱ ላይ መታሁት። ጥርሱ ሲሰበር በእንጨቱ በኩል መዳፌ ድረስ ተሰማኝ። ተንበረከከ። ደግሜ አነሣሁ። ያን ጊዜ ግን አስቤያለሁ፤ በአካፋው ጠርዝ፣ አንገቱ ላይ ነው ያሰብኩት።

አካፋው አልወርድ አለኝ። ወንድም ጋሼ ከኋላ ስለቱን በመዳፉ ይዞታል። ደሙ በእጀታው ላይ እየወረደ ወደ እኔ መጣ።

«በቃ! ገደልከው እኮ! አገር የለህም፣ ዘመድ የለህም፣ የት ትገባለህ?» ይለኛል፣ እንባው ከዝናቡ ጋር እየወረደ።

ዝናቡ ሳያባራ ሰው ተሰበሰበ። ሐበሻ ሰው ገደለ ተብሏል። ድንጋይ በአጥሩ ላይ መዝነብ ጀመረ፤ አንዱ የበረንዳውን መስታወት አወረደው። ሐጂ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተነሡና እኔን ሲሚንቶ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቆልፈው በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ለተሰበሰበው ሰው «መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሱን» ሲሉ በደህናው ጆሮዬ ሰማሁ። የዚያን ቀን ውለታቸውን አልክድም።

ሦስት ቀን እዚያ ክፍል ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌዎች መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። ጎረቤቱ አገጩ በጨርቅ ታስሮ፣ ፊቱ አብጦ ተቀምጧል። ወገኖቹ በአንድ በኩል፣ የሐጂ ወገኖች በሌላው። እኔና ወንድም ጋሼ መሀል ላይ፣ ከማንም ወገን ሳንሆን።

ሐጂ ቀድመው ተናገሩ። ነገሩ የአላህ ውሳኔ ነው አሉ፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አላወቀም፣ ቢታወቅማ ማን ጎረቤቱን ይጎዳል? ብዙዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ሁሉንም ሊያሳርፍ ይችል ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዓይኑ በሞራ የተሸፈነ ሰው፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ቱቦውን ያስገባው አንተ ነህ?» አለኝ በሶማልኛ።

«እኔ ነኝ።»

«ውሃው የት እንደሚሄድ ታውቅ ነበር?»

ሐጂን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ወንድም ጋሼ በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «አላውቅም በል» አለኝ። ሶማልኛዬ የገበያ ሶማልኛ ነው፤ ነገር ማለስለስ አልችልበትም።

«አውቅ ነበር» አልኩ። «ለክቼው ነበር።»

ጎረቤቱ ተነሣ። ማንም አልያዘውም። እስከ እኔ ድረስ መጣና ሦስት ጣት በቀሩት እጁ በጥፊ መታኝ። ጣቶች ቢጎድሉትም እጁ ከባድ ነበር። አልተከላከልኩም። ሁለተኛ አነሣ፤ ያ ዓይኑ የተሸፈነ ሽማግሌ «አበቃ» አለ። እጁ አየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ሐጂ አጥሩን በሲሚንቶ ያሠራሉ፣ ፍየሎቹን ይተካሉ፣ ሴትየዋን ያሳክማሉ። ጎረቤቱ የሐጂን ደረት መትቷልና ይቅርታ ይጠይቃል። የእሱ አገጭ በእኔ ጆሮ ይካካሳል። እኔ ደግሞ ውሃው የሚሰምጥበትን ጉድጓድ በገዛ እጄ እቆፍራለሁ፤ እስኪያልቅ ቱቦው ይደፈናል።

በዚያው ምሽት መግሪብ ሰግደን ስንወጣ ሐጂ ክንዴን ያዙ።

«እኔም እኮ አውቅ ነበር» አሉኝ። «መተላለፊያው ወደ እሱ እንደሚወርድ። በገዛ ደጄ ውሃ የሚሄድበትን የማላውቅ መሰለህ?»

«ይሄ እዚያ ግራሩ ሥር ነበር የሚባለው ሐጂ።»

ክንዴን ለቀቁኝ።

ሦስት ሳምንት ያልኩት ጉድጓድ አምስት ሳምንት ፈጀ። የወንድም ጋሼ መዳፍ ተሰፍቶ ስለነበር አፈሩን በገመድ እየጎተተ ያወጣል እንጂ አይቆፍርም። ሸክላው ከዝናቡ በኋላ ደግሞ ሌላ ጠላት ሆነ፤ ዶማውን ይውጠዋል፣ ጫማ ያወልቃል፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንዶ እስከ ደረቴ ቀበረኝ። ሁለተኛው ጊዜ እዚያው የምሞት መስሎኝ ሸሐዳ አልኩ። ከላይ ወንድም ጋሼ እየተሳደበና እያለቀሰ በአንድ እጁ ጎተተኝ። ከቁመቴ እጥፍ በታች ስወርድ ነጭ፣ ጠጠር የበዛበት መሬት አገኘሁ። አንድ ባልዲ ውሃ አስወርጄ ደፋሁበት። ዓይኔ እያየ ጠጣው።

የጎረቤቱ ሚስት እግሯ በጀሶ ታሽጎ ከሆስፒታል ተመልሳ ነበር። አንድ ጠዋት በክራንች እየተደገፈች ጓሮው ድረስ መጣችና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። ከታች ሆኜ የማየው የቀሚሷን ጫፍና ነጩን ጀሶ ነው።

«ልትገድለው ፈልገህ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እሱም አንተን ሊገድል ፈልጎ ነበር። ነግሮኛል። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለውም፤ ሲነሣ ፍየሎቹን እየቆጠረ ነው የሚነሣው።»

«አንቺን ግን ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

«ቆፍር» አለች። ክራንቿን አዙራ ሄደች።

ጉድጓዱን በድንጋይ ሞላሁ፣ አዲስ ቱቦ አገናኘሁ፣ የተዘነጠለውን ሣር በሰርዶ ጠገንኩ። ከዚያ ክረምቱ ገባና ሰማዩ እንደገና በቀትር ጠቆረ። ዝናቡ ሲጀምር ሐጂ ዱላቸውን ይዘው ወጡ፣ እኔ አካፋ ይዤ መተላለፊያው ላይ ቆምኩ። በአዲሱ አጥር በር ላይ ጎረቤቱ ቆሟል። አገጩ በአንድ ወገን አዘንብሎ ነው የዳነው። በመካከላችን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለታችንም የአጥሩን ሥር እናያለን። እጄ ላይ ያለውን አካፋ አይቶ ሌላ እንዳያስብ ብዬ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ተውኩት።

ከሰማይ የወረደው ውሃ በመተላለፊያው አለፈ፣ ብዙም አልነበረም። ከሐጂ ጓሮ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ጎረቤቱ ወጥቶ በአጥሩ ሥር ዳር እስከ ዳር ሄደ፣ በእግሩ እየነካ። ተመልሶ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ግባ» አለኝ። «ትበሰብሳለህ።»

ከዚያ በኋላ ተነጋግረን አናውቅም። ሐጂ ሣሩን የሚጠብቅ ሰው እንድሆናቸው ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩና ከወንድም ጋሼ ጋር አያሃ ብሎኬት ማምረቻ ገባሁ። እሱ መዳፉን እስከ መጨረሻ መጨበጥ ስለማይችል ሲሚንቶውን የማቦካው እኔ ነኝ፣ ቅርጹን የሚያወጣው እሱ። ቀኝ ጆሮዬ አልተመለሰም። ሰው በዚያ በኩል ሲጠራኝ አልሰማም፣ ትከሻዬን ሲነካኝም እጄን አንስቼ ነው የምዞረው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በግራዬ በኩል ይመጣሉ።